ሃርለን የመረጠው አንድ ፉርሽ

ሃርለን ድቮራክ ከብት ሲመርጥ ያላየ ሰው፣ ኳስ ተጫዋች ሲመርጥ ለምን እንደማይሳሳት አይገባውም። ስለዚህ ከከብቱ ልጀምር።

በከተማችን የከብት ጨረታ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቷል። ሥራው ከብቶቹ ወደ ሚዛን ከመግባታቸው በፊት የታመመውን ከጤነኛው መለየት ነበር። ገዢ የሚያየው ስብና ቆዳ ነው። ሃርለን ግን ጠዋት ማንም ሳይመጣ በረቱ ዳር ይቆምና፣ የተኙትን በፉጨት ይቀሰቅሳቸዋል። ከዚያ ዝም ብሎ ያያል። ላም በኋላ እግሯ ነው የምትነሳው። በፊት እግሯ ከጀመረች አንድ የሚያማት ነገር አለ። «አወዳደቁን ተወው፤ አነሳሱን እይ» ይለኝ ነበር። ስለ ከብትም፣ ስለ ተጫዋችም የሚለው ይህንኑ ነው።

እኔ ጎረቤቱ ነኝ። ስሜ ደልመር ነው፣ ደል ይሉኛል። ጨረታው ቤት በረት እጠርግ ነበር። ሰው ፊት መናገር አልችልም፤ መጻፍማ ጭራሽ። የቤተ መጻሕፍታችን ሴትዮ ስለ ከተማው ሰዎች ጽሑፍ እየሰበሰበች ነው። ስለ ሃርለን ማን ይጽፋል ስትል ሁሉም ወደ ጓደኛው ወደ ረስቲ ዞረ። ረስቲ አሳምሮ ይጽፈው ነበር፣ አውቃለሁ። ግን ረስቲ የማያውቀው ነገር አለ። እኔ የማውቀው ስለሆነ እንደምንም ልሞክር። ልጁን ጋረትን ጠይቄዋለሁ፤ ጻፈው ብሎኛል።

ማኅበራችን አሥር ሰው ነው። ፋንታሲ ይጫወታሉ፤ የእኛን የአሜሪካኖቹን ፉትቦል፣ በእጅ የሚያዘውን ማለቴ ነው። ኦገስት ሲያልቅ፣ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ረስቲ ክሉግ ጋራዥ ውስጥ ይሰበሰቡና በየዙሩ አንድ አንድ እየጠሩ የአገሩን ተጫዋች በሙሉ ይከፋፈላሉ። አንዱ የወሰደውን ሌላው አይነካም። ከዚያ እስከ ገና ድረስ፣ የወሰድከው ልጅ ሜዳ ላይ ሲሮጥ አንተ ነጥብ ታገኛለህ። እሱ ከተሰበረ አንተም ተሰበርክ ማለት ነው። ተራ የሚወጣው የከብት ጆሮ ላይ በሚሰካው ቢጫ ቁጥር ነው፤ ባልዲ ውስጥ ይከተትና ዓይን ጨፍኖ ማውጣት ነው። ያሸነፈ አሮጌ የትራክተር ወንበር ይሸለማል። መጨረሻ የወጣ ደግሞ በጁላይ አራት፣ በነጻነት በዓል ሰልፍ ቀሚስ ለብሶ፣ ፍግ መበተኛው ጋሪ ላይ ቆሞ ከተማውን ይዞራል።

እኔ አልጫወትም። የኔ ሥራ መለጠፍ ነው። የተጫዋቾቹ ስም የታተመባቸው ተለጣፊ ወረቀቶች አሉ፤ ሯጩ አረንጓዴ፣ ወርዋሪው ቀይ፣ ተቀባዩ ሰማያዊ። ስም ሲጠራ ፈልጌ ግድግዳው ላይ እለጥፋለሁ። አንዳንዴ ስሙ ይጠፋብኛል። ያኔ ሃርለን ቢራውን ለማስቀመጥ ጎንበስ ያለ መስሎ በጣቱ ያሳየኛል። ማንም አያይም። ይህን ያህል ዓመት አንድ ሰው አልነቃበትም።

ጨዋታው ሁለት ነገር ይፈልጋል። አንዱ፣ ገና የተኛውን፣ ማንም የማያውቀውን ተጫዋች ከሁሉ ቀድሞ ማግኘት ነው። ሌላው፣ ስሙ የገነነውን ግን ዓመቱ ሳይጋመስ ፉርሽ የሚሆነውን መሸሽ። ሃርለን ሁለቱንም ይችል ነበር። ጨዋታውን ይቀዳውና ፊሽካ ከተነፋ በኋላ ያለውን ብቻ ያያል። ሌላው ሰው ፍሪጅ ከፍቶ ሲመለስ እሱ የወደቀው ሰው እንዴት እንደሚነሳ እያየ ነው።

አንድ ዓመት ብራንት ሆሊስ የሚባል ሯጭ ነበር፤ አገር የሚያብድለት። ሃርለን ተራው ደርሶ ዘለለው። ረስቲ ከወንበሩ ተነሳ።

«ሰውዬ፣ አብደሃል? ሆሊስን ዘለልከው?»

«ዘለልኩት።»

«ምን አግኝተህበት?»

«ሲነሳ ሣሩን ይደገፋል።»

«ሣር! ሰማችሁ? ሰውዬው የሣር ሐኪም ሆኖላችኋል! በል እኔ ወሰድኩት። ደል፣ ለጥፍልኝ!»

«አንተ ራስህ ከወንበር ስትነሳ ጠረጴዛ አይደል እንዴ የምትደገፈው?» አለችው ባርብ፣ መጠጥ ቤት ያላት ናት፣ በማኅበሩ ያለች አንድ ሴት።

«እኔ ማን ይመርጠኛል ብለሽ ነው!»

«ሚስትህ መርጣ ፉርሽ ደርሷታል።»

ሆሊስ በአራተኛው ሳምንት ተጎድቶ ወጣ። በጁላይ ረስቲ የባርብን አበባ ያለበት ቀሚስ ለብሶ ፍጉ ጋሪ ላይ ቆመ። ለሕፃናቱ ከረሜላ እየወረወረ «ሣሩን እዩ! ሣሩን እዩ!» ይል ነበር። ረስቲ መጥፎ ሰው አይደለም። አፉ ነው የማይዘጋው።

የተኛውን ደግሞ ሃርለን አይቸኩልበትም። «ቀድመህ ከቀሰቀስከው ሁሉም ይነቃል» ይላል። ማሊክ ኦደን የሚባለውን ልጅ በአሥራ ሁለተኛው ዙር ነው የወሰደው፤ ሰው ሁሉ ማነው ደግሞ እሱ ብሎ ሲስቅ። የዚያን ዓመት ወንበሩን ወሰደ። ሁለት ደንብ ነበረው። የሚያመውን አትውሰድ፣ በልብህ አትምረጥ። በሃያ ሁለት ዓመት አልሻራቸውም።

አሁን ጋረት ጋ ደረስኩ።

ጋረት የሃርለንና የማርደል አንድ ልጅ ነው። ቁመቱ ለዚያ ጨዋታ አጭር ነው። የተማረው ስሟ በማይታወቅ ኮሌጅ ነው፤ ትልልቆቹ ቡድኖች ሲመርጡ ማንም አልጠራውም። አንዱ ቡድን መጥተህ ሞክር አለው። ሄደ። በሙከራ ጨዋታዎቹ ላይ እንደ ጥንቸል ሮጠ። ከፊቱ የነበረው ነባር ሯጭ ትከሻው ተሰበረና ጋረት ቦታውን ያዘ። በአንድ ወር ውስጥ በሬዲዮም፣ በስልክ ላይም ወሬው እሱ ሆነ። የዘንድሮው የተኛ ተጫዋች እሱ ነው ተባለ። የሃርለን ልጅ።

ጨዋታው ሊጀመር ሲል ለተጫዋቾች ሁለት ቀን ዕረፍት ሰጧቸው። ጋረት ዓርብ ቤት መጣ። ቅዳሜ ጠዋት እኔ የሃርለንን መሰላል ልመልስ በጓሮ በኩል ገባሁ። ጋረት ከኋላ በረንዳው ደረጃ እየወረደ ነበር። በጎኑ ነው የሚወርደው። እጁ ብረቱን ይዟል፣ ቀኝ እግሩን አስቀድሞ ሌላውን ይጎትታል። ቀና ሲል አየኝ። ወዲያው ቀጥ አለና የቀሩትን ሁለት ደረጃ ዘለላቸው።

«አጎቴ ደል! መሰላል ተሸክመህ ልትሞት ነው እንዴ?» አለኝ እየሳቀ።

እኔም ሳቅኩ። ምንም አላልኩም። ስዞር ሃርለን በወጥ ቤቱ መስኮት ቆሟል። እሱም አይቷል። ዓይን ለዓይን ተያየን፤ እሱ ወደ ውስጥ ገባ፣ እኔ መሰላሉን ግድግዳው ላይ አስደገፍኩ።

በማግሥቱ ለምርጫው ወደ ረስቲ ጋራዥ በሃርለን ፒካፕ አብረን ሄድን። መንገዱ ተጋመሰ። በቆሎው በሁለቱም በኩል ቆሞ ነበር፣ ጫፉ መድረቅ ጀምሯል።

«ጉልበቱ ነው» አለ ሃርለን ድንገት። «ትንሽ ያመኛል አለኝ። ለሰው አትናገር ብሎኛል። ካወቁ ያባርሩኛል ነው የሚለው።»

«ሐኪማቸውስ?»

«ሰኞ ልንገር አልንገር እያለ ነው። አልወሰነም።»

«አንተ ምን አልከው?»

«ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። ምን እለዋለሁ።» ማርሽ ቀየረና፣ «ያ እግር ሦስት ሳምንት አይሄድም፣ ደል» አለ።

ጋራዡ ስንደርስ ሁሉም ጮኸ። ማርደል የላከችውን በሥጋ የተሞላ ዳቦ አስቀመጥኩ። ባርብ ቢራ ውስጥ የቲማቲም ጭማቂ እየጨመረች ታድላለች። ዘጠኙም ሰው ሃርለንን ጀርባውን ይመታዋል። ወረቀቶቹን ስዘረጋ አረንጓዴዎቹ መሃል ጋረት ድቮራክ የሚል አየሁ። ያንን ስም ለማግኘት የማንም ጣት አላስፈለገኝም።

ሃርለን አራት ቁጥር አወጣ፣ ረስቲ ሦስት። በመጀመሪያው ዙር ረስቲ ከሃርለን በፊት ይጠራል። በሁለተኛው ዙር ተራው ስለሚገለበጥ ሃርለን ይቀድማል፣ ከሱ ቀጥሎ ረስቲ ነው።

ረስቲ ገና ከመጀመሩ ስልኩን አሳየን። «ስሙኝ! ኦማሃ ከተማ ሬዲዮ ላይ የሚያወራው የወንድሜ ልጅ ዛሬ ማታ ደውልልኝ ብሎኛል። ነገ ጠዋት ሊያወራው ነው፤ አባትየው ልጁን በስንተኛው ዙር ወሰደው? አገር እየጠበቀ ነው፣ ሃርለን!»

«አሥረኛው ዙር ላይ ነዋ» አለች ባርብ። «ደንቡ ነው። የተኛ አይቀሰቀስም።»

«አሥር? እስከ አሥር ማን ይተውለታል! እኔ ሁለተኛው ላይ ልጁን እወስድበታለሁ። ወይ ደግሞ...» ረስቲ ጣቱን አነሳ። «ወይ ደግሞ ሃርለን ከዘለለው፣ ልጁ አንድ ቦታ ያመዋል ማለት ነው። ሃርለን የሚዘለው የታመመ ብቻ ነው። እሱንም ለሬዲዮው እነግራለሁ!»

ሁሉም ሳቀ። ቀልድ ነበር። ረስቲ ምን እንዳለ ራሱም አላወቀም። እኔ ሃርለንን አየሁት። የመምረጫ ካርዱን፣ የጨረታ ካርድ ጀርባ ላይ ነበር የሚጽፈው፣ ለሁለት አጠፈው።

የመጀመሪያው ዙር አለቀ። ሃርለን አንድ ጠንካራ ተቀባይ ወሰደ፣ ማንም የሚወስደውን። ሁለተኛው ዙር ከታች ወደ ላይ መጣ። የሃርለን ተራ ደረሰ። ረስቲ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል፣ ስልኩ እጁ ላይ።

«ጋረት ድቮራክ» አለ ሃርለን።

ጩኸቱ ጣራውን ሊያነሳው ነበር። «በሁለተኛው! በሁለተኛው!» እያለ ረስቲ ስልኩ ላይ ይጽፋል። ባርብ ተነስታ ሃርለንን ሳመችው። «ለመጀመሪያ ጊዜ በልቡ መረጠ!» አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። እኔ አረንጓዴውን ወረቀት ላጥኩና ለጠፍኩት። ጠማማ ሆነ። ላቀናው ስሞክር ጥጉ ተቀደደ።

ስንመለስ ሃርለን፣ «ሌላ ምን ላደርግ እችል ነበር?» አለኝ። እንጃ አልኩት። እውነቴን ነው፣ አላውቅም ነበር። እስከ ዛሬም በደንብ አላውቅም።

የመጀመሪያውን ሳምንት ጋረት ተጫወተ፣ ደህና ሮጠ። በሁለተኛው ሳምንት እነሃርለን ቤት ነበር ያየነው። ሁለተኛው ሩብ ላይ ሦስት ሰው ላዩ ወደቀበት። ማርደል «ተነሳ፣ ተነሳ» አለች። ተነሳም። መዳፉን ሣሩ ላይ ተክሎ፣ ግራ እግሩን ሳያጥፍ ተነሳ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ሃርለን ቴሌቪዥኑን አጠፋው።

«ምን ነካህ? ደህና እኮ ነው! ተነስቷል!» አለች ማርደል።

ሃርለን ወደ ጓሮ ወጣ። ማርደል መልሳ ስትከፍተው ጋረት በጀርባው ተኝቶ ጉልበቱን ይዟል፤ እዚያው ግጥሚያ ላይ፣ ኳሱ ሁለቴ ከተጀመረ በኋላ ነው። ሐኪሞች ጉልበቱን ሦስት ጊዜ ቀደዱት። ከዚያ ወዲያ አልተጫወተም።

እዚህ ላይ ሰው የማይረሳው ነገር አለ። በፋንታሲ የተጎዳ ተጫዋች አውጥተህ ሌላ ታስገባለህ፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ሃርለን አላወጣውም። በየሳምንቱ የጋረት ስም ከተሰለፉት ጋር ነው፣ በየሳምንቱ ዜሮ። ረስቲ ቤቱ ድረስ መጣ።

«ወንድሜ፣ እባክህ ቀይረው። ልብ ይሰብራል።»

«ቡድኑ የኔ ነው» አለው ሃርለን።

መጨረሻ ወጣ። ረስቲ ዘንድሮ ቅጣቱ ይቅር ብሎ ነበር፣ ሁሉም ተስማምቶ ነበር። ሃርለን እንቢ አለ። በጁላይ አራት የባርብን ቀሚስ ለብሶ ፍጉ ጋሪ ላይ ቆመ። አልሳቀም፣ አልተቆጣም። ትራክተሩን እኔ ነበርኩ የምነዳው። ሰው መጀመሪያ ላይ ሊስቅ ጀምሮ ነበር፤ በኋላ ግን አንዳንዱ ባርኔጣውን አወለቀ። ፖስታ ቤቱ ጥግ ጋረት በሁለት ክራንች ቆሞ ነበር። አባቱን አየው። አባቱም አየው። ቀስ ብዬ ነዳሁ፤ ማቆም ነበረብኝ መሰለኝ። አላቆምኩም።

ከዚያ በኋላ ሃርለን ማኅበሩን ተወ። ዓይኔ ደከመ አለ። ጨረታው ቤት ግን እስከ መጨረሻው ሠራ። ጋረት ከተማው ውስጥ ዘር መጋዘን ገባ። አባትና ልጅ አይጣሉም ነበር። እሁድ አብረው ይበላሉ፣ ስለ ዝናብ ያወራሉ። ስለ ጉልበቱ አንድም ቀን ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። ባለፈው ማርች ሃርለን በረቱ ዳር ልቡ ቆመ። ስድስት ዓመት አለፈ ማለት ነው ከዚያ ምርጫ።

የቀብሩ ዕለት ምሳ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ነበር። ረስቲ ተነስቶ የሣሩን ታሪክ ተናገረ፣ ሰውን አሳቀ፣ በመጨረሻ ራሱ አለቀሰ። እኔ መቀመጥ አቃተኝና ወጥቼ ፒካፔ ውስጥ ገባሁ። ጋረት ተከተለኝና ጎኔ ተቀመጠ። ክራቫቱን ፈታ።

«አጎቴ ደል፣ ሰኞ ዕለት ለሐኪሙ ልናገር ነበር» አለኝ። «ቆርጬ ነበር። እሁድ ማታ እናቴ ደወለች። አባትህ በሁለተኛው ዙር ወሰደህ አለችኝ፣ እያለቀሰች፣ በደስታ።»

መሪውን ያዝኩ።

«እግሬን አይቶታል። ነግሬዋለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት የሚያመው ሰው ወስዶ የማያውቅ ሰውዬ እኔን ወሰደኝ። እንግዲያው ይችላል ማለት ነው አልኩ። አባቴ ከሐኪም በላይ ያያል አልኩ። አልነገርኳቸውም።» ሳቀ፣ ግን ሳቅ አልነበረም። «አንድ ጊዜ ተሳሳተ፤ እሱም በኔ ላይ።»

ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም። ዝም ማለት ደግሞ እችልበታለሁ፤ በሕይወቴ ሌላ የምችለው ብዙ የለም።

«አልተሳሳተም» አልኩ።

«ምን?»

«ያ እግር ሦስት ሳምንት አይሄድም ብሎኝ ነበር። በመንገድ ላይ፣ እዚሁ መኪና... በሱ መኪና ማለቴ ነው። ከዘለለህ ረስቲ ለሬዲዮው ይናገራል። አትናገር ብለኸዋል። ዝም ለማሰኘት ነው የወሰደህ።»

ጋረት ፊት ለፊቱን ያያል። መስታወቱ ላይ የእኛ ትንፋሽ ነበር።

«ሦስት አለ?»

«ሦስት።»

«ሁለት ነው የሄደው» አለ። «ለሰው አትናገር ነው ያልኩት፣ አጎቴ ደል። ለኔ አትናገር መቼ አልኩት?»

«እኔም አይቼህ ነበር። መሰላሉን ይዤ የመጣሁ ቀን» አልኩት። «እኔም ምንም አላልኩህም።»

«አውቃለሁ» አለ። «ስታየኝ አይቼሃለሁ።»

ጋረት እናቱ ብቻዋን ናት ብሎ በሩን ከፈተ። መሬቱ በረዶ ነበረው። ወደ ምድር ቤቱ የሚወስደው ደረጃ አሥራ አንድ ነው፣ ብዙ ጊዜ በረዶ ጠርጌበታለሁ። ጋረት ብረቱን ይዞ በጎኑ ወረደ፣ አንድ በአንድ፣ ቀኙን አስቀድሞ ግራውን እየጎተተ። እያየሁት እንደሆነ ያውቃል። እንደዚያን ቀን ቀጥ አላለም።

ወርጄ ክንዱን ያዝኩት። አልከለከለኝም።